በምስጋናና በዓላማ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር እስከ ምንጃር፣ በሰሜን ሸዋ ምእመናን ሲገናኙ የሚነሡት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። ጽዋ ማኅበር ላይ ይነሣሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ይነሣሉ፤ ማታ በስልክም ይመጣሉ። ዋና ዋናዎቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። መልሶቹ የአባቶችን ምክር አይተኩም። የንስሐ አባት ያለው ሰው የራሱን ጉዳይ ለእሳቸው ይንገር።

«ተመስገን» ከአፋችን አይጠፋም። ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቅብናል?

እውነት ነው፣ እኛ ዘንድ ሰላምታው ራሱ ምስጋና ነው። ገበሬው ማሳው ተበላሽቶበትም «እንዴት ከረምክ?» ሲባል መጀመሪያ «ተመስገን» ይላል። ችግሩን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ልጆቻችን ቢያጡት ትልቅ ነገር ያጣሉ።

ግን ሉቃስ ምዕራፍ 17 ላይ ያሉትን ዐሥር ለምጻሞች አስታውሱ። ዐሥሩም «ማረን» ብለው ጮኹ፤ ዐሥሩም ነጹ። ጌታን ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሳምራዊ። ዘጠኙ ክፉ ሠሩ አይልም። እንዲያውም «ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ተብለው ስለነበር መንገዳቸውን ቀጠሉ። አንዱ ግን ጉዞውን አቋርጦ ዞረ። ቤቱ እየጠበቀው፣ ስንት ጊዜ የናፈቃቸው ዘመዶቹ እያሉ፣ መጀመሪያ ወደ ሰጪው ሄደ።

ምስጋና ከአፍ የሚያልፈው እንዲህ ጊዜያችንንና እግራችንን ሲነካ ይመስለኛል። ከዚያም አልፎ የተቀበልነው ነገር በእኛ በኩል ለሌላ ሰው ሲደርስ። ዓላማ የምንለውም እዚያው ይጀምራል። «ምን ተሰጠኝ? ለማንስ ብሎ ሰጠኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዓላማውን ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ በዚህ ዙሪያ ነው።

እህሉ ተበላሽቶ፣ በጉ አልቆ፣ ኑሮ ተወዶ ማመስገን ራስን ማታለል አይሆንም?

ይህን የሚጠይቀው የተጎዳ ሰው ስለሆነ በአንድ ጥቅስ ብቻ ማለፍ ይከብደኛል።

ደጋ ያደገ ሰው ውርጭን ያውቀዋል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። ማታ ባቄላው አረንጓዴ ነበር። ጠዋት ቅጠሉ ላይ ነጭ በረዶ ተጋግሮ ይገኛል። ፀሐይ ስትወጣበት ደግሞ የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ይጠቁርና ይንጠለጠላል። የወራት ልፋት በአንድ ሌሊት ይሄዳል። የበልግ ገብስ የሚጠብቀው የመንዝ ሰው ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለበት። ከየካቲት እስከ ግንቦት ዝናቡ ከቀረ ጎተራው ባዶ ነው።

ነቢዩ ዕንባቆም የዚህን ሰው ቋንቋ ይናገራል። መጽሐፉን የሚጀምረው «እስከ መቼ እጮኻለሁ?» በሚል አቤቱታ ነው። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ የጎደለውን አንድ በአንድ ይቆጥራል፦ በለሱ ባያፈራ፣ እርሻው መብል ባይሰጥ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ፣ ላሞች በጋጥ ባይገኙ። ምንም አልደበቀም። «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» የሚለው ይህን ሁሉ ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። ራሱን የሚያታልል ሰው የጠፉ በጎቹን አይቆጥርም።

ቅዱስ ጳውሎስ «በሁሉ አመስግኑ» ብሎ የጻፈላቸው የተሰሎንቄ ክርስቲያኖችም ስለ እምነታቸው የሚሰደዱ ነበሩ። እሱም ቢሆን ተመችቶት አልጻፈም። ፊልጵስዩስ ከተማ ውስጥ ከሲላስ ጋር በበትር ተደብድቦ፣ እግሩ በግንድ ተጠርቆ በእኩለ ሌሊት ይዘምር ነበር። ሐዋርያት ሥራ 16ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የወኅኒው ጠባቂ ቁስላቸውን ያጠበላቸው ከመዝሙሩ በኋላ ነው። ሲዘምሩ ጀርባቸው ገና አልታጠበም ነበር።

ስለዚህ ውርጩን ጥሩ ነው እንድንል ማንም አልጠየቀንም። የምናመሰግነው በዚያ ሌሊትም ያልተለየንን አምላክ ነው። ይህን ማለት ያቃተው ሰው ካለ ደግሞ በዕንባቆም ምዕራፍ 1 ይጀምር። ያም ጸሎት ነው።

ማዘንና ማማረር አንድ ናቸው?

አይደሉም። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ልቅሶ ሞልቶታል፣ ቤተ ክርስቲያንም በዜማ ትደግመዋለች። በምድረ በዳ ያጉረመረሙት እስራኤላውያን ግን መናው እየወረደላቸው የግብጽን ሥጋ ይናፍቁ ነበር። ያዘነ ሰው ፊቱን ወደ እግዚአብሔር አዙሮ ያለቅሳል፤ የሚያማርር ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ስለ እሱ ለሌላ ያወራል።

ስለት ምስጋና ነው ወይስ ከእግዚአብሔር ጋር ውል መግባት?

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። አንዷ ጃንጥላ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላው ምንጣፍ ተሸክሟል፣ ሌላዋ ጧፍና ዕጣን ቋጥራለች። «ልጅ ሰጠኝ»፣ «ከሞት አወጣኝ» ሲባል እልልታው ይቀልጣል። እኔ ይህን ሳይ ሁሌ ሐና ትዝ ትለኛለች። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 አልቅሳ ልጅ ለመነች፣ ተሳለች፣ ወለደች። ከዚያ የሰጠችው የተቀበለችውን ራሱን ነው፤ ሳሙኤልን ጡት አስጥላ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወሰደችው። የምዕራፍ 2 መዝሙሯ የተዘመረው ልጁን ባስረከበችበት ጊዜ ነው።

ስለት ውል የሚሆነው «ካልሰጠኸኝ አልመጣም» የሚል ነገር በልባችን ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ከእግዚአብሔር ይልቅ ዕቃው ይበልጥብናል። ሁለተኛው አደጋ ከአቅም በላይ መሳል ነው። መክብብ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል። ተበድሮ ጃንጥላ መግዛት፣ የልጅን የትምህርት ገንዘብ አንሥቶ ስለት ማስገባት አይገባም። ተስለው አቅም ያጡ ካሉ ተጨንቀው ከሚቀመጡ ለካህን ይንገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠበል ቦታ ብዙ ሕመምተኛ ያለ አስታማሚ ይመጣል። ቀድሞ የዳነ ሰው ሲሄድ ጀሪካኑን ይዞ ወርዶ፣ መነሣት ላቃተው ጠበል ቀድቶ፣ ደግፎ ካስጠመቀ ይህን ከየትኛውም ምንጣፍ አላሳንሰውም። የሐኪም መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ጠበል ገባሁ ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሁለቱም ከአንድ እጅ የመጡ ስጦታዎች ናቸው።

ዲግሪዬን ይዤ ቤት ቁጭ ብያለሁ። እግዚአብሔር ለእኔ ዓላማ አለው?

አለው፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ግን ሕመምህን ላቃልለው አልፈልግም። ተመርቆ ከእናት እጅ የትራንስፖርት ብር መቀበል ያማል። ጓደኞችህ ተቀጥረው አንተ ማስታወቂያ ስታነብ መዋል ያማል። ሥራ መፈለግህን አታቁም። ቅዱስ ጳውሎስም ሠርቶ ስለመብላት ጠንከር አድርጎ ጽፏል።

ግን ኤፌሶን 2፥10ን እየው። «እንመላለስበት ዘንድ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ ለማድረግ» እንደተፈጠርን ይናገራል። የቅጥር ደብዳቤ የሚባል ነገር የለበትም። ሙሴ በምድያም የአማቱን በጎች ሲጠብቅ ኖረ። እግዚአብሔር ሲጠራውም ሌላ ነገር ይዘህ ና አላለውም፤ «በእጅህ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። በእጁ የነበረው የእረኛ በትር ነው። ጌታችን ራሱ ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል እንደነበረ ሉቃስ ጽፏል። ከዚያ በፊት በናዝሬት ያሳለፋቸው ዓመታት በእጅ ሥራ ያለፉ ናቸው፤ ጎረቤቶቹም «ጸራቢው» እያሉ ነው የሚያውቁት። እነዚያ ዓመታት ባከኑ የሚል ክርስቲያን የለም።

እና በእጅህ ያለው ምንድን ነው? ሒሳብ ትችላለህ? ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች በየሠፈሩ አሉ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚጠብቅ የጎረቤት ልጅ አታጣም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ስጠው። ኮምፒውተር ትችላለህ? የእድሩ የስም መዝገብ በደብተር ተቀዳዶ ይሆናል፤ ጻፍላቸው። እርሻ ነው ያጠናኸው? አባትህ ማሳ ላይ ውረድ፣ ከእሳቸውም ተማር።

ማቴዎስ 25 ላይ አንድ መክሊት የተቀበለው ሰው የተወቀሰው ጥቂት በመቀበሉ አልነበረም። ፈርቶ ቀበረው። ብዙ ወጣቶች «እግዚአብሔር ለእኔ ያዘጋጀው አንድ የተሰወረ ነገር አለ፣ እሱን እስካገኝ ድረስ አልነሣም» ይላሉ። ይሄ ቀብሮ እንደመጠበቅ ነው። መንገዱ የሚታየው በትንሹ ሲጀመር ነው።

እኔ የቤት እመቤት ነኝ። የእኔ ሥራ እንዴት አገልግሎት ይባላል?

እህቴ፣ አንቺ የምትሠሪውን የማያይ ሰው ብዙ ነው። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ እበቱን ከገለባ ጋር ትለውሺዋለሽ። በእጅሽ ትጠፈጥፊዋለሽ፣ ፀሐይ ላይ ታሰጪዋለሽ። ጣቶችሽ በውኃው ቅዝቃዜ ይሰነጠቃሉ። በዚያ ኩበት እንጀራ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ሞቀው ያድራሉ። ማታ ግን የሚወራው ስለ ቡናው ነው፤ ኩበቱን የሚያነሣ የለም።

ቆላስይስ 3፥23 «የምታደርጉትን ሁሉ ለጌታ እንደምታደርጉ እንጂ ለሰው እንዳልሆነ በትጋት አድርጉት» ይላል። ይህ ቃል መጀመሪያ የተነገረው ለባሮች ነው። ደመወዝም ምስጋናም ለማይጠብቁ ሰዎች። እግዚአብሔር ሥራቸውን እንደሚያይ፣ ርስትም እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። ያንቺም አልጠፋም። ይህን የምታነቡ ባሎችና ልጆች ግን «እግዚአብሔር ያየዋል» ብላችሁ አትለፉት። ተነሡና ውኃውን ቅዱ።

ሰውን ማመስገን የእግዚአብሔርን ክብር አይወስድም?

አይወስድም። ሮሜ 16 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ሰዎችን በስም እየጠራ ያመሰግናል፤ ጵርስቅላና አቂላ ስለ እሱ ነፍስ አንገታቸውን ለሞት እንዳቀረቡ ይመሰክራል። እኛ ለእንግዳ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንላለን፣ ለእናታችን ግን አንልም። ዛሬውኑ ደውሉላቸው።

«ከእኔ የባሰ አለ» እያልኩ ነው የማመሰግነው። ትክክል ነኝ?

ብዙዎቻችን እንዲህ ነው ያደግነው። የታመመ ስናይ «ተመስገን፣ እኔ ደህና ነኝ» እንላለን። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ያለንን እንድናስተውል ይረዳል። ግን ሉቃስ 18 ላይ አንድ ሰው በቤተ መቅደስ ቆሞ በግልጽ አመሰገነ፦ «እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ»። ፈሪሳዊው ነው። ምስጋናው ተቀባይነት አላገኘም፤ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ደረቱን እየደቃ የጸለየው ቀራጭ ነው።

በሌላ ሰው ጉዳት ላይ የቆመ ምስጋና ከእኛ የተሻለ ሰው ስናይ ይፈርሳል። ጠዋት ለማኙን አይቶ ያመሰገነ ሰው ማታ ፌስቡክ ላይ የአብሮ አደጉን አዲስ መኪና ሲያይ ይከፋዋል። ሁለቱም አንድ በሽታ ነው፤ ሁለቴም መለኪያው ሰው ነው። ከእኛ የባሰ ሰው ካየን «ተመስገን» ብሎ ከማለፍ «ምን ልርዳው?» ማለት ይሻላል። ያዕቆብ በመልእክቱ ራቁቱን ላለ ሰው «እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን መስደድ ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ጥያቄ ጠንከር ይላል።

ሐዘን ላይ ላለ ሰው «እግዚአብሔርን አመስግን» ልበለው?

እባካችሁ አትበሉ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ቤቱ የነደደበት ሰው አለ። ከቀዬው ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ ዓመታት ያስቆጠረ ቤተሰብ አለ። ልጁን የቀበረ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ራሱ ተነሥቶ «ተመስገን» ቢል ቃሉ ይከብዳል፣ ያስለቅሳልም። እኛ ጠግበን፣ ሞቆን ስንነግረው ግን ጨው መነስነስ ነው።

የኢዮብ ወዳጆች መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ይህን በደንብ አደረጉ። የተበላሸው ምክንያት መስጠት ሲጀምሩ ነው። እድራችን ይህን የኢዮብን ሰባት ቀን ያውቅበታል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይበቃል። ጌታችንም አልዓዛር መቃብር ዘንድ አልቅሷል፤ ሊያስነሣው እንደመጣ እያወቀ።

ችግሩ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ከአርባው በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ ሂዱ። ዱቄት ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሱ፣ የሟቹን ስም እየጠራችሁ አጫውቷቸው። የምስጋና ቃል ከእነሱ አፍ የሚወጣበት ቀን ቢመጣ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

በየቀኑ ምን ላድርግ? ከየት ልጀምር?

በቅዳሴ ጀምሩ። መግቢያው አካባቢ ካህኑ የሚጸልየው ጸሎተ አኮቴት የሚባል አለ፤ «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይነሣል። ብዙዎቻችን አርፍደን ስለምንገባ ያመልጠናል። እዚያ ላይ እግዚአብሔር የሚመሰገነው ስለሸፈነን፣ ስለረዳን፣ ስለጠበቀን፣ ስላቀረበን፣ ስለተቀበለን፣ ስላጸናን፣ እስከዚች ሰዓት ስላደረሰን ነው። ማታ ስትተኙ እነዚህን እያነሣችሁ ቀኑን እዩት። ዛሬ ከምን ሸፈነኝ? በማን በኩል ረዳኝ? ሰው ትዝ ካላችሁ ነገ አመስግኑት።

ጠዋት ደግሞ መዝሙር 103ን (በዳዊቱ ቁጥር 102) ድገሙ። «ምስጋናውንም ሁሉ አትርሺ» እያለ ነፍሱን የሚያነጋግርበት ነው። ማዕድ ላይ ልጆች በተራ ያመስግኑ፤ አንድ ነገር፣ በራሳቸው ቃል። የአራት ዓመት ልጅ «ስለ በጓ» ካለ ስለ በጓ ነው፣ አታርሙት። ጾም ሲገባ ከምግቡ የተረፈውን ለተቸገረ ስጡ። አሥራቱንም አትርሱ።

በሳምንት ቢያንስ አንድ ነገር ማንም ሳያውቅ ለሌላ አድርጉ። ደቦና ወንፈል ያሳደገን ሕዝብ ነን፣ መረዳዳት አዲስ አይሆንብንም። ልዩነቱ ወንፈል ብድሩ ይመለሳል፤ ይሄኛው አይመለስም።

ዓላማዬን አውቄ እያገለገልኩ ደክሞኛል። ምስጋናውም ደርቆብኛል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ብላ፣ ከዚያ ተኛ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ከዚያ ሁሉ ድል በኋላ ከኤልዛቤል ሸሽቶ «ይበቃኛል» ብሎ ሞትን ለመነ። የተቀመጠው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ክትክታ በሚለው ዛፍ ሥር ነው። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአኩ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በልቶ እንደገና ተኛ። ሁለተኛም ቀሰቀሰው፣ አበላው፤ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው» አለው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መዘምራን፣ የመጠለያ ልጆች፣ ማኅበር፣ ቤት፣ ሁሉንም ይዞ ከሰዓታት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሮጥ ወጣት ብዙ ነው። ከመካከላቸው አንዱን አስረክብ። ድካሙ እንቅልፍ ከልክሎህ፣ ምግብ አስጠልቶህ፣ መኖር አስጠልቶህ ሳምንታት ካለፈ ደግሞ ጸሎቱን ሳትተው ጤና ጣቢያ ሂድና ለሐኪም ንገር። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

ኤልያስ ብቻውን የቀረ መስሎት ነበር። እግዚአብሔር ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ ኤልሳዕንም እንዲቀባ ላከው። ኤልሳዕ ያን ጊዜ በዐሥራ ሁለት ጥማድ በሬ እያረሰ ነበር። አንተም በዚህ ሳምንት ከአገልጋዮቹ መካከል አንዱን ለይና አብሮህ እንዲሠራ ጠይቀው።